ዋሱ ያልፈረመበት ዕዳ

ስለ ወለድ ሲነሣ ሃይማኖት የሚቆጣው በአበዳሪው ላይ ነው። ኦሪት የተቸገረ ወንድምን አበድሮ ትርፍ መቀበልን ትከለክላለች። ዳዊት በተቀደሰው ተራራ ሊኖር የተገባውን ሰው ምልክቶች ሲቈጥር በገንዘቡ አራጣ አለመብላቱን አንዱ ያደርገዋል። በ325 እ.ኤ.አ. የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ በ17ኛው ቀኖናው ወለድ የሚቀበል ካህን ከማዕርጉ እንዲወርድ ወስኗል። ቁርኣንም ወለድን በጽኑ ከልክሎ፣ ባለዕዳው ከቸገረው እስኪያገኝ ድረስ እንዲታገሡት ያዝዛል። እነዚህ ሁሉ የሚያስቡት ስለ ሁለት ሰዎች ነው፤ አንዱ የተረፈው፣ ሌላው የጎደለው፣ ሁለቱም ፊት ለፊት ተያይተው የተዋዋሉ። መንግሥት ሲበደር ግን ሦስተኛ ሰው ይገባል። የሚፈርመው ባለሥልጣን ነው፤ ገንዘቡ የሚወጣው ከእሱ ኪስ አይደለም፤ የሚከፍለው ውሉ ሲጻፍ በቦታው ያልነበረ፣ ምናልባትም ገና ያልተወለደ ሰው ነው። ስለዚህ የአካባቢ መንግሥት ዕዳ ሲመዘን ወለዱ ስንት ነው ከማለት በፊት፣ ከፋዩ ተጠይቋል ወይ መባል ያለበት ይመስለኛል። ካልተጠየቀ የአራጣው ኃጢአት ከአበዳሪው ወደ ፈራሚው ይዞራል።

ጎርጎራን ወስደን እንየው። የደምቢያ ሜዳ ከጣና ጋር የሚገናኝባት ይህች የሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ ከተማ ቦንድ ሸጣ የምትበደር ከተማ አይደለችም፤ እንደ እሷ ያሉ ማዘጋጃ ቤቶች እንዲህ ያለ ገበያ ውስጥ አይገቡም። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 7 ገንዘብ የመበደርን ሥልጣን ለፌዴራሉ መንግሥት ይሰጣል፤ ክልሎች ከአገር ውስጥ ምንጮች የሚበደሩበትን ሁኔታም በሕግ የሚወስነው እሱ ነው። ከክልል በታች ላለው ወረዳና ከተማ በሩ ይበልጥ ጠባብ ነው። ይህን ያየ ሰው የአካባቢ ዕዳ የዲትሮይት ወይም የቻይና ከተሞች ጣጣ እንጂ የእኛ አይደለም ሊል ይችላል። ነገር ግን ዕዳ በዋስትናም ይመጣል። የእኛን ወረዳዎች ከባንክ ጋር ያቆራኛቸው በዚሁ በዋስትናው በኩል የገባው ማዳበሪያ ነው።

አሠራሩ በ1980ዎቹ ተዘርግቶ ለዓመታት የዘለቀ ነው። ክልሉ በጀቱን መያዣ አድርጎ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋስ ይሆናል፤ ባንኩ ያበድራል፤ ማዳበሪያው በዩኒየንና በመሠረታዊ ማኅበር በኩል ይወርዳል፤ የቀበሌው ሊቀመንበርና የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ስም እየጠሩ ይመዘግባሉ፤ ገበሬው ይፈርማል ወይም ጣቱን ያትማል፤ መኸር ሲገባ ዋናውም ወለዱም ይሰበሰባል። በአማራ ክልል በኋላ አብቁተ፣ የዛሬው ፀደይ ባንክ፣ በማዳበሪያ ቫውቸር ሽያጭ ገብቶበት መልኩ ተለውጧል። የዋስትናውን ዘመን ግን ልብ ብሎ ማየት ይገባል፤ ገበሬው መክፈል ሲያቅተው ምን ይሆን ነበር? ባንኩ በየቀበሌው እየዞረ ገበሬ አይከስም ነበር። ከፌዴራል ወደ ክልሉ ከሚላከው ድጎማ ላይ ይቀነስለት ነበር፤ ክልሉም የተቀነሰበትን ወደ ታች ያወርደው ነበር። የወረዳ በጀት ደግሞ አብዛኛው ደመወዝ ነው፤ ከደመወዝ የምትተርፈው ጥቂት ብር ለጠመኔ፣ ለነዳጅና ለውሎ አበል ናት። እንግዲህ ቅነሳው ወርዶ ወርዶ የሚያርፈው አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ተበድሮ በማያውቅ መምህርና በጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ላይ ነበር።

ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ስጋት አይደለም። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. በቆሎ ሞልቶ ዋጋው ሲወድቅ፣ ሰብሉ የመሰብሰቢያውን ወጪ እንኳ ያልሸፈነለት ገበሬ ብዙ ነበር፤ በማግሥቱም ድርቅ ተከተለ። የበቆሎው ዋጋ ወረደ፣ የማዳበሪያው ዕዳ ግን አልወረደም። ብድር ለማስመለስ በሬ ሲነዳ፣ ገበሬ ሲታሰር እንደነበር የዚያን ዘመን ገጠር ያጠኑ ጽፈዋል፤ ክልሎችም ለባንኩ ከበጀታቸው ከፍለዋል። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2015፣ በቀድሞው ደቡብ ክልል በሐዲያና በሌሎች አካባቢዎች የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ሲዘገይ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ያው የማዳበሪያ ዕዳ ነበር። ማዳበሪያው ደግሞ በዶላር ተገዝቶ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው። የዩክሬን ጦርነት በ2014 ዓ.ም. የዓለምን ዋጋ ሲያንረው፣ በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲደረግ፣ የደምቢያ ገበሬም የጎርጎራ መምህርም የመከሩበት ነገር የለም፤ ሂሳቡ ግን ደጃቸው ድረስ መጥቷል።

ወለድ ምን ያህል እንደሚበላ ለማየት እርሳስና ወረቀት ይበቃል። አንድ ወረዳ በክልሉ ዋስትና 10 ሚሊዮን ብር በ15 በመቶ ወለድ ለአሥር ዓመት ተበደረ እንበል። በየዓመቱ እኩል ከከፈለ የዓመቱ ድርሻ ወደ 2 ሚሊዮን ብር ይጠጋል። በመጀመሪያው ዓመት ከዚህ ውስጥ 1.5 ሚሊዮኑ ወለድ ነው፤ ከዋናው ዕዳ የሚነሣለት ግማሽ ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። አምስት ዓመት ሙሉ ሳያቋርጥ ከፍሎ፣ ማለትም የተበደረውን ያህል 10 ሚሊዮን አውጥቶ፣ ገና 6.7 ሚሊዮን ገደማ ይቀርበታል። አንድ ምክር ቤት የሚመረጠው ለአምስት ዓመት ነው። ብድሩን ያጸደቁት ሰዎች ሪባን ቆርጠው፣ ፎቶ ተነሥተው፣ ዘመናቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ከዕዳው ሁለት ሦስተኛው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቀጣዩን ይጠብቃል። ወለዱ ራሱ ዝርፊያ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሁለቱ የጊዜ ልኮች፣ የፈራሚውና የዕዳው፣ አለመገጣጠማቸው ግን ፈራሚውን ይፈትነዋል። ጥቅሙን ዛሬ አሳይቶ ዋጋውን ለነገ መተው ለማን አይቀልም?

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። የቅዱሳት መጻሕፍቱ ትእዛዝ ለጎረቤትና ለጎረቤት እንጂ ለመንግሥት በጀት አልተጻፈም ይባላል። መጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 5ን ያነበበ ሰው ግን ይህን ለማለት ይቸገራል። ከምርኮ የተመለሱት የኢየሩሳሌም ሰዎች በነህምያ ፊት ሲጮኹ፣ ከፊሎቹ በረሃብ ምክንያት እርሻቸውን አስይዘው እህል መግዛታቸውን፣ ሌሎቹ ግን ገንዘብ የተበደሩት የንጉሡን ግብር ለመክፈል መሆኑን ይናገራሉ። ልጆቻቸው ለባርነት ተሰጥተዋል። እንግዲህ ዕዳው የተወለደው ከመንግሥት ጥያቄ ነው፤ የግል ብድር ሆኖ የተመዘገበው ከታች ነው። ነህምያ መኳንንቱንና ሹማምንቱን ተቆጣ፤ ከመቶ አንድ እያሉ የወሰዱትንም እርሻውንም እንዲመልሱ አስማላቸው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። እሱ ራሱ ገዥ ሆኖ በቆየባቸው አሥራ ሁለት ዓመታት ለገዥ የተመደበውን ቀለብ አልበላም፤ በገበታው ዕለት ዕለት መቶ አምሳ ሰው እየተቀመጠ፣ በየቀኑ አንድ በሬና ስድስት በግ እየታረደ፣ ወጪውን በሕዝቡ ላይ አልጫነም፤ ሸክሙ ከብዷቸው ነበርና። መጽሐፉ ዕዳን ሲያክም ከአበዳሪው አልፎ እስከ ሹሙ ገበታ ይደርሳል። የወረዳን ዕዳ የሚመረምር ኦዲተር ይህን ምዕራፍ ቢያነብ ሥራውን የሚያውቅ ሰው የጻፈው ይመስለዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። ወለድ ከሌለ የሚያበድር የለም፤ የሚያበድር ከሌለ መንገድም ውኃም የለም። ይህን አይሁድ ራሳቸው ቀምሰውታል። ኦሪት በሰባተኛው ዓመት ዕዳ እንዲተው ስታዝዝ፣ ዓመቱ እየቀረበ ሲመጣ ባለገንዘቦች እጃቸውን ሰበሰቡ፤ ድኃው በምሕረቱ ሕግ ምክንያት ብድር አጣ። ስለዚህ ሊቁ ሂለል ዕዳው ለሸንጎ እንዲተላለፍና ሰባተኛው ዓመት እንዳይሽረው የሚያደርግ ሰነድ ሠራ። የእኛም ሕግ መንገዱን የቀየሰው በመካከል ነው፤ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወለድን አልከለከለም፣ በውል የሚወሰነው ከመቶ 12 እንዳያልፍ አጠረው እንጂ፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 712 የሰውን ችግር መጠቀሚያ ያደረገውን ይቀጣል። የሰውን ችግር መጠቀሚያ ማድረግ የሚለው መለኪያ ትክክለኛ ነው፤ ለመንግሥት ብድርም ይሠራል ባይ ነኝ። ብድሩ ወለድ አለው ብሎ ማውገዝ አይበቃም። ይሁን እንጂ ስለ ብድሩ ሳያውቅ፣ እምቢ የማለት ዕድል ሳይኖረው የሚከፍለው ሰው ከችግረኛ ሁሉ የባሰ ችግረኛ ነው፤ ችግረኛው ተበዳሪ ቢያንስ ገንዘቡን በእጁ ይዟል።

ባልተጠየቀ ሕዝብ ስም የተገባ ቃል ያስራል ወይ የሚለውን ጥያቄ የጎርጎራ ታሪክ ራሱ ከብዙ ዘመን በፊት አንሥቶታል፤ ጥያቄው ግን ከዚያም የቆየ ነው። አርስጣጣሊስ በፖለቲካ መጽሐፉ ሦስተኛ ክፍል፣ አገዛዝ ሲለወጥ አዲሱ መንግሥት የአሮጌውን ውል ይፈጽም ወይ ብለው የሚከራከሩ ሰዎችን ያነሣል፤ ውሉን የገባው አምባገነኑ እንጂ ከተማዋ አይደለችም ይላሉ። አርስጣጣሊስ ከተማዋ ያችው ከተማ መሆን አለመሆኗን በረጅሙ መርምሮ፣ ዕዳው ይከፈል አይከፈል የሚለውን ግን ለሌላ ክርክር ይተወዋል። ወደ ጎርጎራ ስንመለስ፣ በዳርቻዋ ቤተ መንግሥት ያሠራው፣ የኢየሱሳዊው ሚስዮናዊ የጴጥሮስ ፓኤዝ ወዳጅ አፄ ሱስንዮስ፣ በ1626 እ.ኤ.አ. በፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ ፊት ለሮም መታዘዙን በሕዝቡ ስም ቃል ገባ። ሕዝቡ አልተጠየቀም፤ ዋጋውን ግን በደም ከፈለ። በ1632 ሱስንዮስ ራሱ የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጀ፤ ልጁ ፋሲለደስ ነገሠና ኢየሱሳውያኑን አስወጣ። ፋሲለደስ አባቴ የገባው ቃል ያስረኛል ቢል ኖሮ ዛሬ የሚያመሰግነው ጥቂት ነበር። ነገር ግን ያው ፋሲለደስ የአባቱን ግዛትና ዙፋን ወርሷል። ቃሉን ትቶ ዙፋኑን መውረስ የቻለው ቃሉ ለሕዝቡ ያስገኘለት ነገር ስላልነበረ ይመስለኛል። የወረዳን ዕዳ መውረስ አለመውረስም የሚለካው በዚህ ነው። ደቡብ ክልል ለአራት ሲከፈል ዕዳና ሀብት የማካፈል ጉዳይ ሲነሣ የአርስጣጣሊስ ጥያቄ ከመጽሐፍ ወጥቶ ወደ ገንዘብ ቢሮ ገባ ማለት ይቻላል።

ልጆች የወላጆቻቸውን ዕዳ ቢከፍሉ ምን አለበት፣ ትምህርት ቤቱንም ድልድዩንም ወርሰው የለም ወይ የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ አሜሪካዊው ጄፈርሰን በ1789 እ.ኤ.አ. ለማዲሰን በጻፈው ደብዳቤ ምድር የሕያዋን ናት፣ ዕዳም ከአንድ ትውልድ፣ በእሱ ስሌት ከ19 ዓመት፣ ማለፍ የለበትም ሲል ይህን ዘንግቶታል። (ጄፈርሰን ራሱ ከመቶ ሺሕ ዶላር በላይ ዕዳ ትቶ መሞቱን ማስታወስ ደግ ነው።) በግንቦት 2016 በባሕር ዳር ተመርቆ የተከፈተው 380 ሜትር ርዝመት ያለው የዓባይ ድልድይ በበጀት ሳይሆን በብድር ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ፣ የዛሬ ሠላሳ ዓመት የሚሻገርበት ሰው ድርሻውን ቢከፍል ቅር አይለኝም። ማዳበሪያ ግን በአንድ ክረምት ያልቃል። አንድ መኸር የሚበላውን ነገር ለብዙ ዓመት ዕዳ ማድረግ፣ ልጁ ያልበላውን እንዲከፍል መፍረድ ነው፤ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 18 የነቀፈውም አባት በበላው የልጅ ጥርስ የሚጠርስበትን ፍርድ ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. 18 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ዕዳ ይዛ መክሰሯን ያሳወቀችው ዲትሮይትም መጨረሻ ላይ ከጡረተኛ ሠራተኞቿ የወር አበል 4.5 በመቶ ቀንሳለች። የአሜሪካው ጡረተኛና የሐዲያው መምህር ተዋውቀው አያውቁም፤ ሁለቱም ግን ባልፈረሙት ወረቀት ነው የከፈሉት።

የኢኮኖሚ ባለሙያ እዚህ ጋ ፈገግ ሊል ይችላል። በኢትዮጵያ ወለድ ከዋጋ ንረት በታች ሲሆን ተበዳሪው መንግሥት ያተርፋል እንጂ አይጎዳም ይላል። ሂሳቡ አያሳስትም። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሲሆን፣ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ከ2010 ጀምሮ ከመቶ 7 ላይ ቆሞ ነበር። ከዚያም በፊት፣ ከ2003 እስከ 2012፣ የግል ባንኮች ለደንበኛ ከሚያበድሩት ላይ የ27 በመቶውን ያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር፤ ሰነዱ መጀመሪያ ላይ የሚከፍለው ከመቶ 3 ነበር። በዚህ ስሌት ወለዱ የተከፈለው ማን ኪስ ውስጥ ተገብቶ ነው? መቶ ብር አስቀምጣ በዓመቱ መቶ ሰባት ይዛ የምትወጣ፣ በዚያ ብር ግን ከአምናው ያነሰ ጤፍ የምትገዛ የጎርጎራ ጠላ ሻጭ ከፍላለች። አራጣ የሚባለው ከሚገባው በላይ ሲወሰድ ነው ከተባለ፣ ከሚገባው በታች ሲሰጥም የሚወሰድ አለ፤ የሚወሰደው ከቆጣቢው ነው። የወለድ ተቃዋሚ ሆኖ ርካሽ የመንግሥት ብድርን የሚያሞግስ ሰው ይህችን ሴት አላያትም። ዝቅተኛ ወለድ ከፋዩን አይቀንስም፤ ስሙን ይሰውረዋል።

እንግዲያው ብድር ይቅር፣ ስጦታ ይሁን የሚል መልስ አለ፤ ጎርጎራም ለዚህ ሁነኛ ምሳሌ ናት። በ2012 በይፋ የተጀመረው ገበታ ለሀገር ጎርጎራን፣ ወንጪንና ኮይሻን ለማልማት በ10 ሚሊዮን ብር የእራት ገበታ ገንዘብ አሰባሰበ። ለባለገበታው የሚመለስ ወለድ የለም፤ ሐይቁ ዳር የተሠራውን መዝናኛ ከዋጋው አንጻር ያየ ሰው ወለድ አልባ ልማት ይቻላል ቢል አይፈረድበትም። ግን ስጦታ የራሱ ጥያቄ አለው። አበዳሪ ባንክ ቢያንስ ይጠይቃል፤ ገንዘቡ የት ገባ፣ ገቢው ስንት ሆነ፣ ማን ይመልሳል ይላል። ሰጪ ይህን ሁሉ የመጠየቅ ግዴታ የለበትም። አሥር ሚሊዮን ብር በሚያስከፍል ገበታ ላይ የደምቢያ ዓሣ አስጋሪ አይቀመጥም፤ ምን ይሠራ፣ የት ይሠራ የሚለውም እንደዚያው ከእሱ ርቆ ይወሰናል። በጎ አድራጊው ከሄደ በኋላ የሚቀረው ወጪ ደግሞ፣ መንገዱ፣ የቆሻሻው ነገር፣ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዳርቻውን የወረረው እምቦጭ፣ ለወረዳውና ለከተማው ይተዋል። ከዚህ ይልቅ የሚቀናኝ የሙስሊም ሊቃውንት ያቆዩት መንገድ ነው፤ ገንዘብ ሰጪው ትርፉንም ኪሳራውንም ተካፍሎ ሲገባ ሥራውን ከተበዳሪው እኩል መመርመሩ አይቀርም። ዘምዘም ባንክ በ2013 በዚህ መርሕ ሙሉ ባንክ ሆኖ ሥራ ጀምሯል። ወረዳዎች በዚህ መንገድ የውኃ መስመር ወይም የዓሣ ማቀዝቀዣ ቢሠሩ፣ ሥራው ሲከስር የሚከስር ሌላ ሰው ይኖራል፤ መምህሩ ብቻውን አይቀርም።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከቢሮ የሚመጣ ነው። ሕዝቡ የወለድ ስሌት አይገባውም፣ የእያንዳንዱን ብድር ነገር ለገበሬ አቅርቦ ማስወሰን ሥራ ያስቆማል ይባላል። ይህን የሚል ሰው እቁብ ውስጥ ገብቶ አያውቅም ወይም ረስቶታል። በየገበያው ያለ የእቁብ ዳኛ ዕጣ የወጣለትን ሰው ገንዘቡን ይዘህ ሂድ አይለውም። ዋስ ጥራ ይለዋል፤ ዋሱ በአካል ይመጣል፤ ይህ ሰው ቢያቋርጥ ቀሪውን አንተ ትጥላለህ ወይ ተብሎ በአባላቱ ፊት ይጠየቃል፤ እሺ ካለ ጸሐፊው ያስፈርመዋል፤ እምቢ ካለ ሌላ ይፈለጋል። ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች ያሉበት ማኅበር ይህን በየሳምንቱ ይሠራዋል። ወረዳውም የሚጠይቅበት ቀን አለው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ሲጀምር ምክር ቤቱ በጀት ለማጽደቅ ይሰበሰባል። በዚያ ጉባኤ ላይ የዋስትናው መጠን፣ የወለዱ ልክ፣ ገበሬው መክፈል ቢያቅተው ከየትኛው መደብ፣ ከማን ደመወዝ እንደሚቀነስ በአንድ ገጽ ተጽፎ ይነበብ፤ መምህሩና አዋላጇም ሰምተው፣ እሺ ወይም እምቢ ይበሉ።